የቀለም መርጫ ወንፊቷ፦ ከስምንት ወር በኋላ

መጀመሪያ ያየኋት ቀን ስቄባታለሁ። የአክስቴ ልጅ ከአረብ አገር መጥታ ሻንጣዋን መሬት ላይ ዘረገፈችውና ከሽቶውና ከሻርፑ መሀል አንዲት ነገር አውጥታ «ይቺ ያንቺ ናት» አለችኝ። እጀታዋ እንጨት ነው። ጫፏ ላይ መዳፍ የምታክል፣ በእንጨት ፍሬም የተወጠረች የሽቦ ወንፊት አለች። «የሻይ ማጥለያ ያጣሁ መስሎሽ ነው?» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷ ግን ከሥዕል ዕቃ መሸጫ እንደገዛቻት፣ ሻጩም ቀለም መርጫ መሆኗን እንዳሳያት ምላ ተገዝታ አስረዳችኝ።

ይሄ የሆነው ጥር ላይ ነው። አሁን መስከረም ገብቷል። በመሀሉ ረከቦት፣ የሠርግ ትሪ፣ የስጦታ ሣጥን፣ የፎቶ ፍሬም፣ የዒድ ካርድ፣ ምኑ ቅጡ፣ ያልረጨሁባት ነገር የለም። ሥራዬ ይሄው ነው፤ ደሴ ቤቴ ውስጥ የእንጨት ዕቃ እየቀባሁ እሸጣለሁ። ሰዓሊ ነኝ ብዬ አልኮራም። ግን ቀለም በየቀኑ እነካለሁ፣ ስለዚህ የምናገረው ለሁለት ቀን ሞክሬ አይደለም።

አሠራሯ ቀላል ነው። ብሩሽ ቀለም ታስነካላችሁ፣ ወንፊቷን ከዕቃው በላይ አግድም ትይዛላችሁ፣ ከዚያ ብሩሹን ሽቦው ላይ ወዲያ ወዲህ ታሹታላችሁ። የብሩሹ ፀጉር ሽቦው ላይ ይጎብጥና ሲፈናጠር ቀለሙን በጥቃቅን ነጠብጣብ ወደ ታች ይወረውረዋል። በቃ ይሄው ነው። ባትሪ የለ፣ መጭመቂያ የለ። ጃፓኖች «ቦካሺ አሚ» ይሏታል፤ «አሚ» መረብ ነው፣ «ቦካሺ» ደግሞ ቀለም ቀስ እያለ ከደማቅ ወደ ፈዛዛ ሲሄድ ማለት ነው። ቀለም የመርጨት ዘዴው ራሱ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ሰዓሊ ቱሉዝ ሎትሬክ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ለፓሪስ ጭፈራ ቤቶች በሠራቸው ፖስተሮች ላይ ቀለም ይረጭ ነበር። እኔ ይሄንን ሳላውቅ ነው ለዓመታት በጥርስ ብሩሽና በአውራ ጣት ስሠራ የኖርኩት።

የአውራ ጣቱን ዘዴ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የብሩሹን ፀጉር በጥፍር ወደ ኋላ ስባችሁ ትለቁታላችሁ፣ ቀለሙ ይረጫል፣ ግን የት እንደሚረጭ ፈጣሪ ይወቅ። ግማሹ ዕቃው ላይ፣ ግማሹ ግድግዳው ላይ፣ የቀረው እኔ ላይ። ጥፍሬ ሰማያዊ ሆኖ ለቅሶ ቤት ሄጄ እጄን ነጠላ ውስጥ ደብቄ የተቀመጥኩበት ቀን አይረሳኝም። ወንፊቷ የገላገለችኝ ከዚህ ነው። ቀለሙ ወደ ጎን አይበርም፣ ቀጥ ብሎ ከሥሯ ይወርዳል። የትሪውን ጠርዝ ብቻ አጥቁሬ መሀሉን ንጹሕ መተው የቻልኩት በሷ ነው። ድሮ ይሄንን ለማድረግ ግማሽ ቀን በፕላስተርና በጋዜጣ ስሸፍን እውል ነበር።

ግን እሷም የራሷን አሳየችኝ። የመጀመሪያው ወር የማዝንበት ወር ነው። ለደንበኛ ያዘጋጀሁት ጥቁር ረከቦት ላይ ነጭ ልረጭ ብዬ ገና የመጀመሪያውን ሳሸው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ሦስት ባቄላ የሚያካክሉ ጠብታዎች መሀሉ ላይ አረፉ። ልጠርገው ስል ባሰ። ተናድጄ ወንፊቷን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየኋት። እያንዳንዷ ቀዳዳ በቀለም ተሸፍና፣ ልክ ልጆች በሳሙና ውሃ እንደሚጫወቱባት ቀለበት ስስ ሽፋን ሠርታለች። ብርሃኑ በነጭ መጋረጃ እንደሚያልፍ ሆኖ ያልፋል። ብሩሹ መጀመሪያ ሲነካት ያ ሁሉ ሽፋን አንድ ላይ ተሰብስቦ ነው የሚወድቀው። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት እሽታዎች ጋዜጣ ላይ ነው የማወርዳቸው። ነጠብጣቡ እኩል መውረድ ሲጀምር ብቻ ወደ ዕቃው አዞራታለሁ። ይሄንን አንድ ነገር ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ሦስት ረከቦት ይተርፍልኝ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የቀለሙ ውፍረት ነው። ወተት ከሆነ ይንጠባጠባል። እርጎ ከሆነ ሽቦው ላይ ቁጭ ብሎ አይወርድም። አሬራ ሲሆን ነው የሚሠራው። ከዕቃው በላይ አንድ ስንዝር ያህል ስትይዟት ነጠብጣቡ ጠቅጠቅ ብሎ ይወርዳል፣ ከፍ ስታደርጓት ይበታተናል፣ ይፈዝዛል። ያ ከደማቅ ወደ ፈዛዛ የሚሄደው ነገር በዚህ ነው የሚመጣው፣ እጅን ቀስ እያሉ ከፍ በማድረግ።

ብሩሹ ደግሞ ከወንፊቷ እኩል ነው፣ እንዲያውም ሳይበልጥ አይቀርም። አብሯት ብሩሽ አልመጣም። ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ሞከርኩ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ፀጉሩ ተንጨባሮ እንደ መጥረጊያ ሆነ። የልጅ የጥርስ ብሩሽ ሞከርኩ፣ አቅም የለውም፣ ቀለሙን መርጨቱን ትቶ ይቀባዋል። በመጨረሻ ያገኘሁት መፍትሔ ፒያሳ ጫማ ከሚጠርግ ሊስትሮ ነው። ያረጀ የጫማ ብሩሹን ሸጠልኝ («ምን ልታደርጊበት ነው?» ብሎ አምስቴ ጠየቀኝ)፣ በመጋዝ ለሁለት ቆርጬ፣ የጫማ ቀለሙን በኦሞ አጥቤ፣ እስከ ዛሬ እሱን ነው የምጠቀመው። ፀጉሩ አጭርና ጠንካራ ነው። እንዲህ ዓይነት ብሩሽ ከሌላችሁ ወንፊቷን ብቻ ገዝታችሁ አትድከሙ።

አሁን ወደ አየሩ ልምጣ። ይሄንን የውጭ ሰዎች ቪዲዮ ላይ አታገኙትም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በመስኮት ሲገባ የቤት ዕቃው ሁሉ ላብ ያልበዋል። በዚያ ሰሞን የረጨሁት ወርቃማ ቀለም ሁለት ሰዓት ቆይቶም እርጥብ ነበር፣ ደርቋል ብዬ በላዩ ቡናማ ስረጭበት ተቀላቅለው ጭቃ ሆኑ። ስለዚህ በክረምት በቀን አንድ ቀለም ብቻ ነው። ሌላው በነጋታው። ቡና በተፈላ ቁጥር ትሪዬን ከከሰሉ አጠገብ ሳስጠጋ እናቴ «ቡናውን ልትጠጪው ነው ወይስ ልትቀቢው?» ትለኛለች።

ኮምቦልቻ ግን ሌላ ዓለም ነው። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ስትጨርሱ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። አክስቴ ቤት በረንዳ ላይ የሠርግ ትሪ ስሠራ ቀለሙ ትሪው ላይ ሲደርቅ ደስ አለኝ፣ ግን ወንፊቷ ላይም እየደረቀ ነበር። ሦስተኛው ትሪ ላይ ስደርስ ነጠብጣቡ ሳሳ፣ ከዚያ ከአንድ ወገን ብቻ መውረድ ጀመረ። ገልብጬ ሳያት ግማሹ ቀዳዳ ተደፍኗል። በመርፌ አንድ በአንድ ስከፍት አመሸሁ። አሁን ኮምቦልቻ ስወርድ አጠገቤ አንድ ሳህን ውሃ አይጠፋም፣ በየትሪው መሀል ነከር፣ ጠረግ አደርጋታለሁ። ጠረግ የምለው በደንብ ነው፤ ውሃ ከቀረባት ያ ሳሙና የመሰለው ሽፋን ተመልሶ ይመጣል።

ውሃ ካነሳሁ አይቀር የሠራሁትን ጥፋት ልናዘዝ። ሰኔ ላይ ደክሞኝ ነበርና ነገ አጥባታለሁ ብዬ ባልዲ ውስጥ ነክሬያት አደርኩ። ጠዋት እንጨቱ አብጧል። ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጠቀ፣ ሽቦውም በአንድ ጥግ ከፍሬሙ ተላቀቀና ቀጥ ያለው ወንፊት እንደ ወጥ ጭልፋ ረገበ። የረገበ ሽቦ አይረጭም፣ ብሩሹን ተከትሎ ይጎብጣል እንጂ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ወደማውቃቸው አናጺ ይዣት ሄድኩ። አገላብጠው አይተው «አንቺ ልጅ፣ እንጨት ዓሣ ነው እንዴ ውሃ ውስጥ የምታሳድሪው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሽቦውን በጉጠት ስበው፣ በጥቃቅን ሚስማር ዙሪያውን መትተው፣ ስንጥቁን በኮላ ደፍነው መለሱልኝ። እንጨቱን ቫርኒሽ አልብሺው ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ከፋብሪካ ሲወጣ ነበር መልበስ የነበረበት፣ ይሄ የአምራቹ ጥፋት ነው። ማሳደሩ ግን የኔ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ቅጂ ይሥሩልኝ አልኳቸው። የመስኮት የትንኝ መከላከያ ሽቦ ወጥረው በ200 ብር ሠሩልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለካርድና ለትንንሽ ነገር አትከፋም። ነጠብጣቧ እንዲያውም ከዋናዋ ይደቅቃል። ግን ሽቦው ስስ ነው፣ ከወር በኋላ መሀሉ ጎደጎደ፣ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነም ቶሎ ይደፈናል። ገና ልሞክር ለምትሉ ከዚህ ብትጀምሩ አይቆጫችሁም። የሻይ ማጥለያም ሞክሬያለሁ (አዎ፣ ያ ቀልድ ወደ እውነት ተቀየረ)፣ ሆዱ ጎድጓዳ ስለሆነ ቀለሙ እዚያ ይጠራቀምና ይዘረገፋል። የቤት ወንፊት ጭራሽ አትንኩ።

ስለ ቀለም ባጭሩ፣ የቱቦ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥነው የሥዕል ቀለም) ከሁሉም ይሻላል። የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም በውሃ ቀጥኖ ይሠራል፣ ርካሽ ነው፣ ግን ጓል ስላለው አስቀድማችሁ በስስ ጨርቅ አጥልሉት። ወርቃማው ከታች ይዘቅጣል፣ በየደቂቃው ማማሰል ነው። ዘይት ቀለምና ማቅጠኛውን አኳራጅ አንድ ጊዜ ሞከርኩ፣ ሽታው ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም፣ ወንፊቷን ማጽዳቱም ሌላ ፈተና ሆነ። ደግሜ አልሞክረውም። የፊት ጭንብል አድርጉ፣ ደቃቁ ርጭት አየር ላይ ይቆያል። እኔ መጀመሪያ ንቄው ማታ ስናፍጥ ሰማያዊ አየሁ። ከዚያ ወዲህ አልቀልድም።

ከሁሉም የምወደው በቅጠል መሥራቱን ነው። የባሕር ዛፍ ወይም የወይራ ቅጠል ዕቃው ላይ አስቀምጣችሁ በላዩ ትረጫላችሁ፣ ቅጠሉን ስታነሱት ቅርጹ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ትኩስ ቅጠል ጫፉ ይነሳና ቀለም ከሥሩ ይገባል፣ ስለዚህ ማታ ከባድ መጽሐፍ ውስጥ አስተኛዋለሁ። እንዳይንቀሳቀስ የአንድ ብር ሳንቲም ጣል አደርግበት ነበር። አንድ ቀን ሳንቲሙ ተንሸራቶ ከቅጠሉ ወጣ፣ ትሪው ላይ ከቅጠሉ ጎን ድብልብል ያለች ጨረቃ ቀረች። ያንን ትሪ የገዛችው ደንበኛ ጨረቃዋን አይታ ነው የመረጠችው። አሁን ሆን ብዬ እሠራታለሁ።

የማልወድላት ደግሞ አለ። እጀታዋ አጭር ናት፣ ትልቅ ትሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ከሠራሁ አንጓዬን ያመኛል። ድምፅዋ፣ ያ ክርር ክርር የሚለው፣ ሌሊት ለሚሠራ ሰው ከጎረቤት ያጣላል። ትልቁ ቅሬታዬ ግን ፍሬሟ ነው። ቀለም በፍሬሙ ሥር ቀስ ብሎ ይጠራቀምና ልክ ሥራው ሊያልቅ ሲል አንድ ወፍራም ጠብታ ይለቃል። ሁሌም ሊያልቅ ሲል ነው። በየሁለት ደቂቃው ሥሯን በጨርቅ መጥረግ ልማድ እስኪሆን ድረስ ብዙ አስለቅሳኛለች። ፍሬሟ ቀጭን ብረት ቢሆን ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

እንደገና እገዛታለሁ ወይ? እገዛታለሁ። ለእንጨት ዕቃ፣ ለካርድ፣ ልጆች ሥዕል ለምታስተምሩ ይገባችኋል። ግድግዳ ለምትቀቡ አትሆንም፣ ትንሽ ናት። ምግብ የሚነካው ዕቃ ውስጥም አትርጩ።

የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደውላ ምን ላምጣልሽ አለችኝ። ሁለት ወንፊት አልኳት፣ አንዷ ቀዳዳዋ ሰፋ ያለ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የሻይ ማጥለያም ጨምሪ አልኳት፤ የቤቱን ማን አረንጓዴ እንዳደረገው እናቴ ገና አላወቀችም።