ፔጆዋ የደንገጎን ዳገት ወጣች
አቦ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው ጋራዥ አስገርሞኛል። የአባቴ ፔጆ 404 በቆመችበት ሁሌ የዘይት ኩሬ ነው፣ ሐረር አንዱ ጋራዥ ሁለቴ "ጋርኒሲዮኗ (ማሸጊያዋ) ነው" ብሎ ብሬን በልቶ መለሳት። የዚህኛው መካኒክ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ መጀመሪያ ሞተሩን አሳጥበው አድርቀው አስነስተው ከየት እንደሚወርድ ቁጭ ብለው አዩ፣ ለካ የፊት ፓራኦሊዮው (ዘንጉ ላይ ዘይት የሚይዘው ቀለበት) አልቆ ዘይቱን ንፋስ ወደኋላ እየገፋው ነው፣ ቺንጋውም (የሞተሩ ቀበቶ) በዘይት ርሶ ስለነበር አብሮ ተቀየረ። የቦዲዋን ዝገትማ የበፊቶቹ ስቱኮ (መሙያ ልጥፍ) ለድፈውበት ነበር፣ እሱ እኮ ከስር ውሃ ይዞ ላሜራውን ይጨርሰዋል! እዚህ የተበላውን ቆርጠው አዲስ በየዱበት፣ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) ቀቡት። ቀጠሮ ላይ ግን ዜሮ ናቸው፣ "ሁለት ቀን" ብለው ዘጠኝ ቀን፣ ከሰዓት በርጫ (ጫት) ላይ ናቸውና ጠዋት ሂዱ። ደንገጎን ወጥቼ ሐረር ስደርስ ካርቶን ከስሯ አነጠፍኩ፣ ጠዋት ሳየው ደረቅ።