እጅዎ ይባረክ እማማ! ፒያሳ በረንዳ ላይ ማስክ ለሚሰፉልን እናት

የጎንደር ልጆች፣ ማስክ ማሰፋት ያሰባችሁ ፒያሳ በረንዳ ላይ በእግር መኪና የሚሰፉትን እናት ሳታዩ ሌላ ቦታ ገንዘባችሁን አታፍስሱ። ለሰፈራችን አረጋውያን፣ ለነዳያንና ለቆሎ ተማሪዎች 120 ማስክ ሰፍተው አስረክበውናል፤ አንድም ተበላሸ ተብሎ አልተመለሰም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ኮሮና አገራችን መግባቱ ከተነገረ በኋላ ማስክ ተብሎ ያልተሸጠ ነገር አልነበረም። ቀደም ሲል ከሌላ ቦታ የተገዛው ወደ ፀሐይ ሲይዙት ማዶው የሚታይ ነጠላ ስስ ጨርቅ ነበር። ላስቲኩ ጫፉ ላይ ብቻ ስለተያዘ በሁለተኛው እጥበት ተነቀለ። ስፌቱ መሀል ለመሀል ስለሚያልፍ መርፌ የበሳው ቀዳዳ ልክ አፍ ፊት ለፊት ይውላል። እናቴንና አባቴን ልጠብቅ ብሎ ላለው ብር ለከፈለ ሰው ይህ ግፍ ነው።

እማማ ጨርቁን ሳያጥቡ መቀስ አያስነኩትም። አቡጀዲ ውሃ ሲነካው ስለሚሰበሰብ፣ ሳይታጠብ ከተሰፋ ማስኩ ይጣመማል። ሦስት ንብርብር ነው የሚያደርጉት፤ ውስጡና መሀሉ እርጥበት የሚመጥ ጥጥ፣ ውጪው ጥቅጥቅ ያለ ቴትሮን። ቁራጩ 25 በ20 ሴንቲ ሜትር ነው። ወርዱ 1.5 ሜትር ከሆነ ጨርቅ በ1 ሜትር 30 ቁራጭ ይወጣል። ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ይሰፉና ለመገልበጫ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተዋሉ፤ ገልብጠው በካውያ ይተኩሱታል። ቀጥሎ እያንዳንዱ 3 ሴንቲ ሜትር የሚወስድ ሦስት እጥፋት፣ ሁሉም አፉን ወደ ታች አዙሮ። ወደ ላይ ከዞረ አቧራ ያጠራቅማል። ጎኑ ላይ እጥፋቱ ሲደራረብ ጨርቁ ዘጠኝ ድርብ ስለሚሆን 14 ቁጥር መርፌ ይሰበራል። እሳቸው እዚያ ጋ ሲደርሱ 16 ቁጥር ይቀይራሉ፣ ፔዳሉን ትተው ጎማውን በእጃቸው ቀስ እያሉ ያዞራሉ። ላስቲኩን ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሱበታል። አፍንጫው ላይ የሚገባው ሽቦ ጫፉ ተቆልምሞ ነው፤ አለበለዚያ ጨርቁን ቀዶ ይወጣል።

ግን ከሁሉም በላይ የኔታን ያስተናገዱበት አይረሳም። የኔታ ጥምጥም ስለሚጠመጥሙ የጆሮው ላስቲክ ይንሸራተትባቸው ነበር። እማማ ሥራቸውን አቁመው፣ አጠገባቸው ቁጭ ብለው፣ ከአፍንጫቸው እስከ ማጅራታቸው በክር ለኩ። ላስቲኩን ፈተው ከቅዳጁ አራት ባለ 45 ሴንቲ ሜትር ማሰሪያ ሠሩላቸው፤ ሁሉም ከጥምጥሙ በታች ማጅራት ላይ ይታሰራል። «የኔታ፣ ሲያስተምሩ አገጭዎ ሲንቀሳቀስ እንዳይወርድብዎት እጥፋቱንም ትንሽ ለቀቅ አድርጌዋለሁ» አሏቸው። የኔታ መርቀው መርቀው አልጠገቡም። ለተማሪዎቻቸው ከተሰፋውም የጨርቁንና የላስቲኩን እንጂ የእጃቸውን ዋጋ አልተቀበሉም።

እግዜር ይስጥልን እማማ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ ክፉ አይንካዎት!

እባካችሁ ወደሳቸው ሂዱ። ጨርቅ የራሳችሁን ከያዛችሁ አጥባችሁ አድርቃችሁ ውሰዱ። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት አሰፉ፤ አንዱ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ሌላው ይደረጋል። ጺም ያለው፣ ሻሽ የምታስር፣ መነጽር የሚያደርግ ካለ ራሱን ይዛችሁት ሂዱ፤ ሳይለኩ አይሰፉም።