የባንኬ አዲሱ አፕ በቶክባክ፦ ፒኑ ጋ ሲደርስ ሁሉም "በተን" ነው

ዓይነ ስውር ነኝ፣ ስልኬን የምጠቀመው ቶክባክ በሚባለው የአንድሮይድ ስክሪን አንባቢ ነው፣ ጣቴን ስክሪኑ ላይ ሳንሸራትት ያለውን ያነብልኛል ሁለቴ ስነካ ይከፍትልኛል። የባንኩን ስም አልጠራም፣ ግን አዲስ አፕ አውጥቶ የድሮውን ስለዘጋ እንደኔ የሚጠቀም ሰው ካለ ከማውረዱ በፊት ይቺን ቢያነብ ይሻለዋል።

ጥሩውን ላስቀድም። ቀሪ ሂሳቡን ጥርት አድርጎ ያነባል፣ ገቢና ወጪውም በየቀኑ ተከፋፍሎ ስለሚነበብ ሳልደናገር አገኘዋለሁ። ቋንቋውን አማርኛ ካደረጋችሁት ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ነፃ ድምፅ ስልካችሁ ላይ ከተጫነ ያነብላችኋል፣ ሮቦት ሮቦት ይላል እንጂ ለለመደው ምንም አይልም፣ እኔ እንዲያውም ፍጥነቱን ጨምሬ ነው የምሰማው። እዚህ ድረስ የሠሩት ልጆች ይባረኩ።

ችግሩ ያለው ፒን ማስገቢያው ላይ ነው። ቁጥሮቹ በከፈትከው ቁጥር ቦታ ይቀያየራሉ፣ ያው ከኋላ የቆመ ሰው የጣትህን አካሄድ አይቶ እንዳይዝብህ ነው፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ቁጥሮቹ በስዕል ተሠርተው ስም ስላልተሰጣቸው ቶክባክ የሚለኝ "በተን፣ በተን፣ በተን" (የሚነካ ቁልፍ ማለት ነው) ብቻ ነው። ቦታቸው ባይቀያየር ኖሮ እንኳን በልምድ እይዘው ነበር። ፒያሳ አንድ ካፌ ሂሳብ ልከፍል ስል አስተናጋጇ፣ ደግ ልጅ ናት፣ "ወንድሜ ቁጥሩን ንገረኝ ልንካልህ" አለችኝ። እሷን ባምናትስ፣ ፒኔን ጮክ ብዬ ልናገር? ጎን ያለው ጠረጴዛ ይሰማል እኮ። ቁጥሮቹ ስም ቢኖራቸው ኢርፎን ሰክቼ ብቻዬን ሰምቼ እጨርሰው ነበር።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለው ቅርንጫፍ ሄጄ ስነግራቸው በትህትና ተቀበሉኝ፣ መልሱ ግን "የሚያይ ሰው ይዘው ቢመጡ እናስተካክልልዎታለን" ሆነ። ይሄ ነገር ሥር አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728 የዓይነ ስውር ፊርማ አዋዋይ፣ ሬጅስትራር ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው አያስገድደውም ይላል፣ እንዳንታለል ተብሎ ነው፣ ባንክ ቤት ስንገባ ግን ምስክር አምጣ ሆኖ ይጠብቀናል። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 የገንዘብ ጉዳያችንን ራሳችን የመምራት እኩል መብት አለን ይላል፣ አንቀጽ 9 ደግሞ ቴክኖሎጂው ተደራሽ ይሁን ይላል፣ የጸደቀ ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ፒኔን ራሴ ልንካ ስል ውለታ እየጠየቅኩ አይደለም።

ባንኩ ጋ ስልክ ደውዬም አንዱ ሠራተኛ "የሴኩሪቲ ጉዳይ ነው" አለኝ። እርግጥ አንዳንድ የሌባ አፖች የአክሰሲቢሊቲ ፈቃድ፣ ማለትም እንደ ቶክባክ ላሉ የአካል ጉዳተኛ መርጃዎች የተሠራውን ስክሪን የማንበብ ፈቃድ፣ ተቀብለው ስክሪን ይሰልላሉ፣ ግን ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ ዴቨሎፐሩ እንደ ቶክባክ ያለውን እውነተኛ መሣሪያ አስገብቶ ሌላውን የሚከለክልበት መንገድ ተሠርቷል፣ ሁላችንንም ደጅ ማስቀረት ግድ አይደለም። ለአንድ በተን ኮንቴንት ዲስክሪፕሽን፣ ማለትም ቶክባክ የሚያነበውን ስም፣ መስጠት ደግሞ አንድ መስመር ኮድ ነው። ዴቨሎፐሮቹ ይሄን ካነበባችሁ እባካችሁ ቶክባክን አብሩና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ለጓደኛችሁ 10 ብር ለመላክ ሞክሩ። አክሰሲቢሊቲ ስካነር የሚባል የጉግል ነፃ አፕም አለ፣ ስም የሌለውን በተን፣ ለጣት የሚጠበውን፣ የደበዘዘውን ጽሑፍ ሁሉ ይለቅምላችኋል፣ ይሄኛው ዓይናቸው ለደከመ አባቶችና እናቶችም ይጠቅማል።

እስከዚያ የሚሻለው የዚሁ ባንክ የኮከብ መሰላል አገልግሎት ነው፣ ያለ አፕ * እና # ያለበትን ቁጥር ደውላችሁ የምትጠቀሙት። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ይነበባል፣ ፒኑንም በስልኩ በራሱ ኪቦርድ ነው የምትጽፉት። ትንሽ ከዘገያችሁ ግን ተቋርጦ ከመጀመሪያ ያስጀምራችኋል፣ ፒኑም ስክሪኑ ላይ በግልጽ ይታያል፣ ስለዚህ ቶክባክ ሜኑ ውስጥ ስክሪን መደበቂያ አለ እሱን አብሩት፣ ኢርፎንም አትርሱ።

ለአፑ ከ5 2 ሰጥቻለሁ። ቁጥሮቹ ስም ካገኙ 4 አደርገዋለሁ፣ የቤት ኪራዬን ግን ለጊዜው በኮከብ መሰላል ነው የምልከው።