ድኅረ 9/11 ጂ አይ ቢል ለሕክምና ተማሪ
በአሜሪካ ጦር ካገለገልኩ በኋላ የሕክምና ትምህርቴን የምከታተለው የቀድሞ ወታደሮችን የትምህርት ወጪ በሚሸፍነው የመንግሥት ጥቅም፣ በድኅረ 9/11 ጂ አይ ቢል ሲሆን፣ ያለ ዕዳ መማር ለቤተሰቤ ትልቅ እፎይታ ነው። 36 ወር በንቁ አገልግሎት ላይ የቆየ ሰው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የክፍለ ግዛቱ ነዋሪ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይሸፈንለታል፤ ለመጻሕፍት በዓመት እስከ 1,000 ዶላር፣ ለቤት ኪራይም እንደየአካባቢው የሚሰላ ወርኃዊ አበል ይሰጠዋል። ለግል ትምህርት ቤት ግን የክፍያ ጣሪያ ስላለው፣ ትምህርት ቤቱና መንግሥት ቀሪውን የሚጋሩበት የየሎው ሪበን ስምምነት ለስንት ተማሪ እንደሚሰጥ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

የቤት አበሉ በዕረፍት ጊዜ መቋረጡ ቅር ያሰኛል። አንድ ሴሚስተር ላይ የትምህርት ቤቴ ጽሕፈት ቤት የምዝገባ ማረጋገጫዬን አዘግይቶ ስለላከ፣ የወሩን ኪራይ ከወንድሜ ተበድሬ ከፍያለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ጥቅሙ በ36 ወር መወሰኑ ነው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ የተጠቀመበት ሰው ለሕክምናው አራት ዓመት እምብዛም አይተርፈውም። እኔ ዲግሪዬን ያገኘሁት በአገልግሎት ላይ ሳለሁ፣ ጦሩ በሚሰጠው የትምህርት ድጎማ ማታ ማታ እየተማርኩ በመሆኑ ወሮቹ ሳይነኩ ቆይተውልኛል።