«የአይፒ ኪራይ» የሚል ሂሳብ ከመጣባችሁ እንዳትከፍሉ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ትንሽ ቢሮ ያላችሁ ሁሉ ይቺን አንብቡልኝ። ፋርማሲም ይሁን፣ የሂሳብ ሥራ ቢሮም ይሁን፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤትም ይሁን።

ኔትወርክ ዘርግቶ ሲያበቃ «የአይፒ አድራሻ ምዝገባ» እያለ በመሣሪያ ቁጥር የሚያስከፍል ሰው አለ። ፒያሳ ያለው ቢሯችን ላይ ይኸው ሂሳብ መጥቷል። ለየኮምፒውተሩ፣ ለፕሪንተሩ፣ ለካሜራው መቅጃ ሳይቀር ለየብቻ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «በየዓመቱ የሚታደስ» ይላል። ድፍረቱ ይገርማል!

አይፒ ማለት እያንዳንዱ መሣሪያ በኔትወርክ ላይ የሚጠራበት ቁጥር ነው። በቢሮ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች የሚጠሩባቸው ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 ወይም በ10 ይጀምራሉ። ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትም አሉ። እነዚህን ማንም ሰው በግቢው ውስጥ እንዲጠቀምባቸው በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ተለይተው ተቀምጠዋል። ማንም አይመዘግባቸውም፣ ማንም አያድሳቸውም። ነገሩ እንደ ክፍል ተራ ቁጥር ነው፤ ተራ ቁጥር 7 በየትምህርት ቤቱ አለ። የእናንተ ፕሪንተር 192.168.1.20 ቢሆን፣ ኮምቦልቻ ያለ መጋዘንም ያንኑ ቁጥር ቢይዝ አይጋጩም። ቁጥሩን የሚያድለውም ራውተሩ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ለየመሣሪያው የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ራሱ ነው፣ ዲኤችሲፒ በሚባለው አሠራር፣ ያለ ክፍያ።

የሚከፈልበት አይፒ ጭራሽ የለም እያልኩ አይደለም። ከውጭ ሆኖ ወደ ቢሮ ሰርቨር ለመግባት ቋሚ የውጭ አይፒ ሊያስፈልግ ይችላል። እሱን ግን የሚሰጠው ኢንተርኔት የሚያቀርብላችሁ ድርጅት ነው፤ ሂሳቡም የሚመጣው ከዚያው ነው። ኬብል የጎተተው ልጅ ምን አግብቶት! ካሜራ በስልክ ለማየት ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ አዳዲስ መቅጃዎች በአምራቹ አፕ ይሠራሉ፤ ቋሚ አይፒ አይጠይቁም።

ከኪራዩ ይልቅ እኔን ያናደደኝ የፕሪንተሩ ጉዳይ ነው። ራውተሩ መጨረሻቸው ከ100 እስከ 200 የሆኑትን ቁጥሮች እንዲያድል ተደርጎ ሳለ፣ ለፕሪንተሩ በእጅ የተሰጠው 192.168.1.105 ነው። እዚያው መሃል! ማታ ፕሪንተሩ ይጠፋል። ጠዋት የአንዱ ሠራተኛ ስልክ ቀድሞ ዋይፋይ ሲገባ ራውተሩ 105ን ለስልኩ ይሰጠዋል። ከዚያ ፕሪንተሩ ሲበራ ሁለቱ አንድ ቁጥር ላይ ይጋፋሉ፣ ማተም ይቆማል። ልጁ ይጠራል፣ የመምጫ ይቀበላል፣ አጥፍቶ ያበራል፣ ይሄዳል። በሌላ ቀን ያው ነው። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

መፍትሔው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ወይ ለፕሪንተሩ ከሚታደለው ክልል ውጭ የሆነ ቁጥር ትሰጡታላችሁ፣ ለምሳሌ 20ን። ወይ ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የፕሪንተሩን ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣውን መለያ) ከአንድ አይፒ ጋር ታስራላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ያንኑ ይሰጠዋል። ሙያው ያለው ሰው ይህን አያጣውም። ባያውቀው ነው ወይስ ተመላልሶ ለመቀበል? ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ፤ እኔ ግን ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

ለመሆኑ ሴቲንጉ ውስጥ በምን ይገባል? ልጁ የራውተሩን ፓስዎርድ «ለደህንነት» ብሎ ቀይሮ ይዞት ሄዷል። ፓስዎርድ መቀየሩ መልካም ነው፤ የራውተሩ ባለቤት ግን እናንተ ናችሁ። ተናዳችሁ ሪሴት ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት የኢንተርኔት መስመሩን የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ ከአቅራቢው ተቀበሉ። ሪሴት ሁሉንም ስለሚያጠፋ ያለዚያ ጭራሽ ኢንተርኔት አልባ ሆናችሁ ልትቀሩ ትችላላችሁ።

«አይፒያችሁ ጊዜው አልፏል» የሚል ስልክ ከመጣባችሁም አትደንግጡ። ዊንዶውስ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን በእንግሊዝኛ (ipconfig) ጻፉ። ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ቁጥር አላገኘም ማለት ነው። ኬብሉን፣ ስዊቹን (ኬብሎቹ የሚሰኩበትን ሳጥን)፣ ራውተሩ መብራቱን እዩ። ለዚህ የሚገዛ አይፒ የለም።

እኛ ደረሰኝ ቁረጥልን ስንለው የአይፒውን መስመር ሰርዞ የኬብሉንና የእጅ ዋጋውን ብቻ ተቀበለ። ፓስዎርዱ ላይ ገና እየተጨቃጨቅን ነው። አሁን ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ እየሠራ ነው ብለውኛል። እዚያ ያላችሁ፣ ፕሮፎርማው ላይ «አይፒ» የሚል መስመር ካያችሁ ኬብል ሳይዘረጋ አሰርዙት። የመጨረሻውን ክፍያም ፓስዎርዱንና የየመሣሪያውን አድራሻ በወረቀት ሳትቀበሉ አትልቀቁ።