የልጄን ጥርስ ላተረፈችልኝ ሐኪም

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የጥርስ ክሊኒክ ለምትሠራ አንዲት ሐኪም ምስጋናዬን በአደባባይ ላቅርብ። ስሟ እንዳይጻፍ ስለ ጠየቀችኝ አልጽፈውም።

የአራት ዓመት ልጄ ለሁለት ሳምንት ያህል እንጀራውን በቀኝ በኩል ብቻ ስታኝክ፣ ሻይ በቀመሰች ቁጥር ፊቷን ስታኮማትር ከረመች። አስቀድሜ የወሰድኳት ሌላ ቦታ «የወተት ጥርስ አይደል? ይነቀል፤ መውደቁ አይቀርም» ብለውኝ ነበር። ልጄ መንቀያውን ስታይ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም ስላለች ሳይሆንልን ተመለስን። እንኳንም አልሆነ!

ይህችኛዋ ሐኪም ወንበሩ ላይ እንኳ አላስቀመጠቻትም። እኔና እሷ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተቀመጥን፤ ልጄ እግሯን ወደ እኔ አድርጋ፣ ጭንቅላቷን ሐኪሟ ጭን ላይ አሳርፋ ተንጋለለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳታል?» የሚል ነበር። አይቀሰቅሳትም አልኳት። «እንግዲያው ነርቩ ጋ ሳይደርስ እንደርስበታለን» አለች።

በዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ቀጠሮ ይሰጡናል ስል፣ በባትሪ ብርሃን፣ በትንንሽ የእጅ መሣሪያዎች የበሰበሰውን ጠርጋ አውጥታ ሞላችው። መርፌ የለ፣ የሚያጓራ መሰርሰሪያ የለ። ዘዴው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ፣ መብራት ለማይደርስበት ገጠር ተብሎ የተጀመረ መሆኑን እየሠራች አጫወተችኝ። ልጄ አላለቀሰችም።

የኋለኛው የወተት መንጋጋ እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ድረስ አፍ ውስጥ ይቆያል። ያለ ጊዜው ሲነቀል ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘምማሉ፤ ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስም መውጫ ያጣል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስኳር የገባበት ወተት በጡጦ ይዛ እንደምትተኛ ስነግራት አልተቆጣችኝም። ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ስኳሩ ጥርስ ላይ እንደሚያድር አስረዳችኝ። ከዚያም የልጄን የላይ ከንፈር በአውራ ጣቷ ገልበጥ አድርጋ፣ ጥርሶቿ ላይ ድዱ ጥግ ያለውን እንደ ኖራ የነጣ መስመር አሳየችኝ። የመበስበስ መጀመሪያው ይኸው ነው፤ ገና ስላልተቦረቦረ ሊመለስ ይችላል። በወር አንድ ጊዜ ከንፈሯን ገልቤ እንዳይ አዘዘችኝ።

ከመሳቢያዋም አንዲት የሩዝ ፍሬ አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረች። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የጥርስ ሳሙናው መጠን ያቺ ናት፤ ከዚያ በኋላ የአተር ፍሬ ያህል። ሳሙናው ቢያንስ 1,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 1,000 እጅ) ፍሎራይድ ያለው ይሁን። ጠዋትና ማታ ከመተኛቷ በፊት፣ እስከ ሰባት ስምንት ዓመቷ ድረስ የምቦርሽላት እኔ ነኝ። አረፋውን ትተፋለች እንጂ በውሃ አትጉመጠመጥም።

አብራን የነበረችው እናቴ ደግሞ ለአምስት ወሩ ልጃችን ተቅማጥ ሲይዘው «ግግ ይውጣለት»፣ ማለትም ያበጠው ድዱ ይፈልፈል፣ ስትል ሰንብታ ነበር። ሐኪሟ ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «እማማ፣ ድዱ ላይ ያበጠው ገና የሚበቅለው ክራንቻ ነው። ሲፈለፈል ይደማል፣ ያመረቅዛል፤ ቋሚውም ተበላሽቶ ሊበቅል ይችላል። ለተቅማጡ ሐኪም ጋ ይውሰዱት።» እናቴ በዚህ ነገር እኔን ሰምታኝ አታውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አላነሣችውም። ለእኔ ከሙሌቱ ይልቅ ይህ በልጦብኛል።

አድራሻውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ልጆቹ ሳይደክማቸው ጠዋት ውሰዷቸው። ከኮምቦልቻ የምትመጡ፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ልጆችን ስለሚያጥወለውል ደርሳችሁ ጥቂት አሳርፏቸው።

እህቴ፣ ይህን ካየሽው፦ ልጄ ትናንት ማታ ዳቦዋን በግራ በኩል አኘከች። አላህ እጅሽን ይባርከው።