ባዮጋዛችን ከዓመት በላይ ሆነው፤ ትርፉን ያገኘነው ማሳው ላይ ነው

«ባዮጋዝ፣ ማለትም ከእበት የሚወጣውን የማብሰያ ጋዝ፣ ላሠራ ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ስለዚህ የእኛን ቤት ልምድ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ለጋዙ ብቻ ብላችሁ ከሆነ ወጪውን አይመልስም። እርሻም ካላችሁ ግን ያዋጣል።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው። ባለቤቴ ገብስና ባቄላ ያርሳል፤ ላሞቹና ጓሮው የእኔ ናቸው። ያሠራነው ማብላያ፣ ማለትም እበቱ ተብላልቶ ጋዝ የሚሆንበት ጉድጓድ፣ 6 ሜትር ኩብ የሚይዘውን፣ ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ ተገንብቶ ጉልላት የሚደፋበትን ዓይነት ነው። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በየክልሉ ሲያስፋፋው የኖረው ይኸው ነው። ድጎማው ተቀንሶም ከኪሳችን የወጣው የአንድ ደህና በሬ ዋጋ ይሆናል። ለገበሬ ቤት ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ሥራው በየቀኑ ነው። 40 ኪሎ ገደማ እበት ይፈልጋል፤ ውሃም ያንኑ ያህል። ከብቶቹ ቀን ግጦሽ ላይ ስለሚውሉ የሚሰበሰበው ጋጣ ውስጥ ያደረው ብቻ ነው። አራት ከብት ያስፈልጋል የሚባለው ለዚህ ነው። ውሃው በበጋ ያስቸግራል። እኛ የጋጣውን ወለል በድንጋይ አንጥፈን የከብቱን ሽንት ወደ ማደባለቂያው ገንዳ እንዲወርድ አደረግን። ከውሃው ከፊሉን ይተካል፤ ጋዙ ከወጣ በኋላ ለሚተርፈው ዝቃጭም ጥሩ ነው።

ጋዙ ደግ ነው። ጠዋት ሻይና ቁርስ፣ ማታ ወጥ፣ መሃል ላይ ቡና ይወጣዋል። ጭስ የለም። ማጀት ውስጥ ዓይኑ ሲያለቅስ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ልጆቼ ሳል ቀንሶላቸዋል፤ ለእኔ ይህ ብቻውን ብዙ ነው።

እንጀራ ግን አይጋገርበትም። ነበልባሉ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ምጣዱን ዳር እስከ ዳር እኩል አያግልም። የእኛን አገር ቤት ማገዶ ግማሹንና ከዚያ በላይ የሚበላው ደግሞ እንጀራ መጋገር ነው። ስለዚህ «ከባዮጋዝ በኋላ ማገዶ ቀረ» የሚላችሁን አትመኑ። እኛ ለእንጀራ ማገዶ ቆጣቢውን «ምርጥ ምድጃ» ገዝተን በባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ እንጋግራለን።

ሁለተኛው ችግር ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እበቱን አብላልተው ጋዝ የሚያወጡት ረቂቅ ሕዋሳት 35 ዲግሪ አካባቢ ይስማማቸዋል። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ሥራቸው በጣም ይቀዘቅዛል። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጩ ሲመጣ ጋዛችን ግማሽ ያህል ቀነሰ። የገነባልን ሰው ይህን አንድም ቀን አላነሳልንም ነበር፤ ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ሊናገረው ይገባ ነበር። ጉልላቱ ላይ አፈር ጨምረን በጭድ ከደንነው። እበቱንም ፀሐይ በሞቀ ውሃ፣ ከቀትር በኋላ መበጥበጥ ጀመርን። የሞቃቱን ወራት ያህል ባይሆንም ተሻሽሏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዝቃጩ።

ኩበት ስናነድ ኖረናል። እናቶቻችንም እንደዚያው። ዛፍ በሌለበት ደጋ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ግን ኩበት ሲነድ ውስጡ ያለው፣ ሰብል የሚመግበው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ አመዱ ላይ የሚተርፈው ፎስፈረስና ፖታሲየሙ ነው። ማብላያው ውስጥ ሲገባ ነገሩ ሌላ ነው። ጋዝ ሆኖ የሚወጣው በአብዛኛው ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ናይትሮጅኑ ከሞላ ጎደል ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል፤ ከፊሉም ሰብል ቶሎ ወደሚወስደው መልክ ይለወጣል። አንዱ እበት ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ መጀመሪያ ወጥ ያበስላል፣ ቀጥሎ ገብስ ያበቅላል።

አያያዙ ግን ወሳኝ ነው። ዝቃጩን ፀሐይ ላይ አስጥተው የሚያደርቁ አሉ። እንዲህ ከሆነ ከናይትሮጅኑ ብዙው አሞኒያ ሆኖ በንኖ ይጠፋል። እኛ የሣር ጣሪያ ባለው ጉድጓድ ከጭድና ከገለባ ጋር እየደራረብን ኮምፖስት እናደርገዋለን። በመጀመሪያው መኸር ባለቤቴ አንዱን የገብስ ማሳ በኮምፖስትና በግማሽ ዩሪያ፣ ጎኑን እንደ ልማዱ በሙሉ ዩሪያ ዘራው። አዝመራው ሲደርስ ልዩነት አላየንበትም። ያ ማለት የዩሪያው ግማሽ ገንዘብ ኪሳችን ቀረ ማለት ነው።

ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ዩሪያ ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ የሚገባ ነው። በ2014 የዩክሬን ጦርነት ሲነሳ ዋጋው ናረ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ዶላሩ ራሱ ተሰቀለ። ጓሮዬ የሚመረት ማዳበሪያ የዶላር ጣጣ አያውቅም። ባዮፊውል፣ ማለትም ከተክልና ከእበት የሚገኝ ነዳጅ፣ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ (የስኳር ተረፈ ምርት) ወጥቶ ቤንዚን ላይ ይደባለቅ የነበረውን ኤታኖል ነው። እሱም ይጠቅማል። ነገር ግን የገበሬውን መሬት መልሶ የሚመግበው ይሄኛው ነው።

ማንም የማያነሳው አንድ ሒሳብ አለ። ኩበት ገበያ ላይ ይሸጣል፤ ገንዘቡም የሴቷ ነው። ጨው፣ ዘይት፣ የልጅ ደብተር የሚገዛበት። እበቱ ወደ ማብላያው ሲገባ ያ ገንዘብ ይቀራል፤ ትርፉ ግን ባል የሚያርሰው ማሳ ላይ ይወጣል። እበት የምታፍሰውና ውሃ የምትቀዳው እሷው ሆና ገቢዋ ከቀነሰ ማብላያው ብዙ አይቆይም። ተሠርተው ሥራ ያቆሙ ማብላያዎችን አይቻለሁ፤ አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ተነጋግረን ከዝቃጩ ሢሶው የእኔ ጓሮ እንዲሆን ተስማማን። ነጭ ሽንኩርትና ጎመን አለማበታለሁ። ዘንድሮ የነጭ ሽንኩርቱ ገቢ የኩበቱን በልጦታል። የምታሠሩ ከሆነ ይህን ሲሚንቶ ሳትገዙ ተነጋገሩበት።

ጥገናው ብዙ አይደለም። ቧንቧው ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ አልፎ አልፎ ማፍሰስ አለባችሁ፤ ካልሆነ እሳቱ ይርገበገባል። የምድጃው አፍ ግን ዝጎብናል፤ ጋዙ ውስጥ ያለው የድኝ ጋዝ ብረት ይበላል። መለዋወጫ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ልከን ነው ያስመጣነው። ስትገዙ አንድ ትርፍ ያዙ።

ማታ ጋጣ የሚያድር አራት ከብት፣ በበጋም የማይደርቅ ቅርብ ውሃና የሚያርሱት መሬት ያለው ሰው ያሠራው። ውሃ በአህያ ከሩቅ የሚያስመጣ ግን ይቅርበት፤ በዚያው ገንዘብ ምርጥ ምድጃና የፀሐይ መብራት ቢገዛ ይሻለዋል።